በኪውጂአይኤስ ካርታ ላይ አይኮን ሲጠፋና ስታይል ሲያስቸግር፦ ችግርና መፍትሄ

ካርታ መሥሪያ ፕሮግራሙ ኪውጂአይኤስ ላይ ሌየሩ (የካርታው የመረጃ ንብርብር) መብራቱን፣ ፋይሉ መኖሩን፣ ዙሙ ልክ መሆኑን አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። የምጽፈው ከዚያ በኋላ ስላለው ነው። አብዛኛውን በመሃል አዲስ አበባ ካርታ የሚሠሩ ወዳጆቼ ኮምፒውተር ላይ ደጋግሜ አስተካክዬዋለሁ።

አይኮኖቹ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኑ

ከሁሉም በላይ የሚገጥመኝ ይሄ ነው። ስልክ ተደውሎ "ካርታዬ ተበላሸ" ስባል ቀድሜ የምጠይቀው "በፍላሽ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ወስዳችሁት ነበር?" ብዬ ነው። መልሱ ሁሌም አዎ ነው ማለት ይቻላል።

አንዲት ባልደረባዬ ከአራት ኪሎ እስከ ለገሃር ያሉ የጤና ተቋማትን ካርታ ሠራች። ለሆስፒታል አንድ አይኮን፣ ለጤና ጣቢያ ሌላ፣ ለመድኃኒት ቤት ሌላ። ሁለት ሳምንት ለፋችበት፤ በጣም ያምር ነበር። ከዚያ ፕሮጀክቱን በፍላሽ ይዛ ፒያሳ አካባቢ ወዳለ ማተሚያ ቤት ሄደች። ልጁ እዚያው ከፍቶ በኤ ዜሮ ወረቀት አተመላት። ጠቅልሎ ሰጣት፤ እሷም ሳትዘረጋው ወሰደች። በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ስብሰባ ላይ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። ከቸርችል ጎዳና ግራና ቀኝ ያለው ሁሉ የጥያቄ ምልክት ነበር። አንዱ ተሰብሳቢ "እነዚህ ገና ያልተረጋገጡ ቦታዎች ናቸው?" ብሎ ጠየቃት። የደወለችልኝ እንባ እየተናነቃት ነው።

ምክንያቱን ላስረዳ። ፕሮጀክቱ አይኮኑን በውስጡ አይዝም። የሚይዘው አይኮኑ ያለበትን አድራሻ ብቻ ነው። እኛም በከተማችን ሰው ስንመራ "ከእንትና ሱቅ ፊት ለፊት" እንላለን። በ2016 ዓ.ም. ብዙ የፒያሳ ቤቶችና ሱቆች ሲፈርሱ ስንቱ አድራሻ አብሮ እንደጠፋ የአካባቢው ሰው ያውቃል። ቤታችሁ ቆሞ እንኳ የሚመራበት ሱቅ ከሌለ እንግዳ አያገኘውም። ፕሮግራሙም እንደዚያው ነው። በተባለው ቦታ ፋይሉን ሲያጣ የጥያቄ ምልክት ይተክላል።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ያሳስታል። አይኮኑን ራሱ ኪውጂአይኤስ በሚያውቀው የኤስቪጂ (የአይኮን ሥዕል ፋይል ዓይነት ነው) ፎልደር ውስጥ ካስቀመጣችሁት፣ ፕሮጀክቱ የሚመዘግበው ስሙን ብቻ ነው። የሌላው ሰው ኮምፒውተር ላይ በዚያ ስም ፋይል ከሌለ አለቀ። "ሴቭ ፓዝስ ሪላቲቭ (የፋይሉን አድራሻ ከፕሮጀክቱ ቦታ ተነስቶ የሚመዘግበው ምርጫ) ላይ ነው" ብላችሁም አትተማመኑ። ሪላቲቭ የሚረዳው አይኮኖቹ ከፕሮጀክቱ ጋር በአንድ ፎልደር ሆነው አብረው ሲጓዙ ነው።

መፍትሄው አይኮኑን ፕሮጀክቱ ውስጥ መክተት ነው። የሌየሩን ሲምቦሎጂ ክፈቱ። ከሲምቦሉ ሥር ያለውን ኤስቪጂ ማርከር ምረጡ። የፋይሉ አድራሻ የተጻፈበትን ሳጥን ፈልጉ። ከጎኑ ያለችውን ትንሽ ቀስት ስትጫኑ "ኢምቤድ ፋይል" የሚል ምርጫ ይመጣል። አይኮኑን በዚያ በኩል አስገቡት። ከዚህ በኋላ ፕሮጀክቱ የትም ቢሄድ አይኮኑ አብሮ ይሄዳል፤ ስታይሉን ለብቻው ሴቭ አድርጋችሁ ለሰው ብትልኩም አይለይም።

ተጠንቀቁ፤ ሌየሩ ካቴጎራይዝድ (ለየምድቡ የተለየ አይኮን ያለው) ከሆነ ይሄን ለእያንዳንዱ ምድብ ለየብቻው ነው የምታደርጉት። አንዱን አድርጎ ሌላውን የረሳ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ስለዚህ መፈተን አለባችሁ። ፕሮጀክቱን ሴቭ አድርጋችሁ ዝጉ። አይኮኖቹ ያሉበትን ፎልደር ስም ለጊዜው ቀይሩት። ከዚያ ፕሮጀክቱን መልሳችሁ ክፈቱ። የጥያቄ ምልክት የሆነ ካለ ያልከተታችሁት እሱን ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ዳውንሎድስ ፎልደር ውስጥ ካለ አይኮን ጋር ካርታ አትሥሩ። ይሄን የምለው ከልቤ ነው። አንድ ቢሮ ኮምፒውተሩ ዘገየ ተብሎ ዳውንሎድስ ጸዳ፤ የአምስት ካርታ አይኮኖች አብረው ሄዱ። ማንም የወረዱበትን ቦታ አላስታወሰም። አንድ በአንድ እንደገና ፈልገን ሠራናቸው።

ወደ ማተሚያ ቤትም ፕሮጀክት አትውሰዱ። ፒዲኤፍ አውጡ፣ ራሳችሁ ከፍታችሁ እዩት፣ ከዚያ ውሰዱ። ከታተመም በኋላ እዚያው ዘርግታችሁ ሳታዩ አትክፈሉ።

የአይኮኑ ቀለም አልቀየር አለ

የቀለም መምረጫው ደብዝዞ አልጫን ካለ ጥፋቱ የአይኮኑ ነው። ኪውጂአይኤስ ቀለም የሚቀይረው ኤስቪጂው ውስጥ "እዚህ ጋ ቀለም ተቀበል" የሚል ምልክት ሲያገኝ ብቻ ነው። ፋይሉን በኖትፓድ ክፈቱት። ፊል (fill) ከሚለው ቃል ቀጥሎ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ የቀለም ቁጥር አለ። ከቁጥሩ በፊት "ፓራም" ብላችሁ በቅንፍ "ፊል" ጨምሩ፤ የጻፋችሁት በእንግሊዝኛ ፊደል param(fill) ይሁን። ቁጥሩን አታጥፉት፤ መነሻ ቀለም ሆኖ ይቆያል። ከዚያ የቀለም መምረጫው ይሠራል።

በነፃ ከሚወርዱ አይኮኖች ብዙዎቹ ለካርታ የተሠሩ አይደሉም። ጥላ፣ ብዥታ፣ ይባስ ብሎም ፎቶ የተደበቀባቸው አሉ። ኪውጂአይኤስ ኤስቪጂን የሚስልበት መሣሪያ ጥላና ብዥታ በደንብ አያውቅም፤ ጥቁር ሳጥን ወይም ባዶ ታያላችሁ። ፎቶ የታጨቀበት ደግሞ ካርታውን በነካችሁ ቁጥር ያንቀራፍፈዋል። በሥዕል ማስተካከያው ፕሮግራም በኢንክስኬፕ ከፍታችሁ ጌጡን አጥፉ፤ "ፕሌን ኤስቪጂ" ብላችሁ ሴቭ አድርጉ። በ3 ሚሊ ሜትር አይኮን ላይ ጥላ ለማንም አይታይም።

ግማሾቹ ትምህርት ቤቶች አይኮን የላቸውም

ካቴጎራይዝድ ስታይል ፊደል በፊደል ነው የሚያመሳስለው። ለእኛ "ትምህርት ቤት" እና "ት/ቤት" አንድ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ሁለት ናቸው። "ሐኪም ቤት" እና "ሃኪም ቤት"፣ "ጸሎት ቤት" እና "ፀሎት ቤት" እንደዚሁ። ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ኀ በድምፅ አንድ ቢሆኑም ለእሱ አራት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ከቃሉ መጨረሻ የተረፈች አንዲት ክፍት ቦታም ዓይን ሳያያት ሥራ ታበላሻለች።

አንድ ሌየር ላይ "ቤተ ክርስቲያን" የሚለው ቃል ስድስት ዓይነት ተጽፎ አግኝቻለሁ። መዝጋቢዎቹ ሦስት ነበሩ፤ እያንዳንዱ እንደለመደው ጻፈ። የሰዎቹ ጥፋት አይደለም። እንደልባቸው እንዲጽፉ የተወላቸው ሰው ነው ጥፋተኛው።

ያለውን ለማጥራት በፊልድ ካልኩሌተር "ትሪም" ክፍት ቦታውን ያነሳል፤ "ሪፕሌስ" ፊደሉን ወደ አንድ ያመጣል። ለወደፊቱ ግን በአትሪቢዩት ፎርም ውስጥ "ቫልዩ ማፕ" አዘጋጁ። መዝጋቢው ከዝርዝር ይመርጣል እንጂ አይጽፍም።

የአማርኛው ስም አይነበብም

ሦስት መልክ አለው፤ አታምታቷቸው። ባዶ ሳጥኖች ከታዩ ፎንቱ ግዕዝ የለውም፤ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ምረጡ። የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ከታየ ሼፕፋይሉ (የካርታ መረጃ የያዘው ፋይል) በተሳሳተ ኢንኮዲንግ (ፊደል የሚመዘገብበት ሥርዓት) ተከፍቷል፤ በሌየሩ ሶርስ ገጽ ላይ ዩቲኤፍ 8 አድርጉት። ስሙ በራሱ ሰንጠረዡ ውስጥ የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ጽሑፉ ሴቭ ሲደረግ ጠፍቷል። አይመለስም። ዋናውን ፋይል ከላከላችሁ ሰው ጠይቁ።

ለአማርኛ ሼፕፋይል ባትጠቀሙ ደስ ይለኛል። በዩቲኤፍ 8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። የሼፕፋይል አምድ ስም ደግሞ ከ10 ባይት አያልፍም። ስለዚህ የአምዱ ስም ሦስት ፊደል ላይ ይቆረጣል። ጂኦፓኬጅ የሚባለው ሌላ የካርታ መረጃ ፋይል ዓይነት ይሄ ጣጣ የለበትም።

ሁለት መስመር አንድ ሆኖ ታየ

በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማችን ቀላል ባቡር ሁለት መስመር አለው። ከልደታ እስከ ስታዲየም ግን ሁለቱም በአንድ ሐዲድ ነው የሚሄዱት። በካርታ ላይ አንዱ ሌላውን ይሸፍናል፤ ሜክሲኮና ለገሃር ላይ አንድ ቀለም ብቻ ይቀራል። ለአንዱ ኦፍሴት (ወደ ጎን የሚሸሽበት መጠን) 0.5 ሚሊ ሜትር፣ ለሌላው ኔጋቲቭ 0.5 ስጡ። ሁለቱም ወደ አንድ ጎን ከሄዱ አትደናገጡ። ኦፍሴት የሚቆጠረው መስመሩ በተሳለበት አቅጣጫ ነው፤ አንዱ ከልደታ፣ ሌላው ከስታዲየም ተነስቶ ተስሏል ማለት ነው። "ሪቨርስ ላይን" አንዱን ይገለብጠዋል።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

አንድ አይኮን አዲስ አበባን ሙሉ ከሸፈነ መለኪያው "ማፕ ዩኒትስ" (የካርታው የራሱ መለኪያ) ላይ ነው፤ ሌየሩም በዲግሪ ነው። አንድ ዲግሪ ወደ 110 ኪሎ ሜትር ስለሆነ 5 ብትሉት አዳማንም ደብረ ብርሃንንም ይውጣል። ወደ ሚሊ ሜትር ቀይሩት።

መንገዶች መስቀለኛው ላይ እርስ በርስ ከተቆራረጡ ሲምቦል ሌቭልስን (የትኛው ከላይ እንደሚሳል የሚወስነውን) አብሩ።

አይኮኖቹ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ከ200 ሜትር በላይ ከሸሹ የስታይል ችግር አይደለም። በአዲንዳን የተለካ መረጃ ደብልዩጂኤስ 84 ተብሎ ተመዝግቧል፣ ወይም በተቃራኒው፤ ሁለቱም ቦታ የሚለካባቸው ሥርዓቶች ናቸው። የአይኮን ኦፍሴት ሰጥታችሁ ለማስተካከል አትሞክሩ። የሌየሩን ሲአርኤስ (የቦታ መለኪያ ሥርዓት) አርሙ፤ ዞኑ በሁለቱም 37 ሰሜን ነው።