የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሲቀር፦ ከቃሊቲ እስከ ሰበታ ላሉ የፋብሪካ ሠራተኞች

መጀመሪያ ፋብሪካው የቆመው በየትኛው አስተዳደር እንደሆነ አረጋግጡ። ቃሊቲና ቦሌ ለሚ ከሆነ ማመልከቻው የሚገባው ለአዲስ አበባ ሥራና ክህሎት ቢሮ ነው፤ ሰበታ፣ ቡራዩና ለገጣፎ የኦሮሚያ ነው፣ የፍርድ ቤቱም ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። መኖሪያችሁ የት መሆኑ ለውጥ የለውም። ያለቦታው የገባ ማመልከቻ ሲንከራተት ይከርማል፣ ይርጋው፣ ማለትም መብት የሚጠየቅበት የጊዜ ገደብ፣ ግን ይቆጥራል።

ይርጋው አጭር ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደመወዝና ትርፍ ሰዓት የሚጠየቀው መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ነው። «የሚቀጥለው ወር ይስተካከላል» የሚለው የሱፐርቫይዘር ቃል ቆጠራውን አያቆመውም፤ አሠሪው በጽሑፍ ካመነ ግን ያቋርጠዋል።

ሂሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። በሳምንት 48 ሰዓት የሚሠራ ሰው የሰዓት ደመወዝ በተለምዶ የወሩ ደመወዝ ለ208 ተካፍሎ ነው፦ 4,160 ብር ሲሆን 20 ብር ይመጣል። ትርፍ ሰዓት ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በ1.5 ይባዛል፣ 30 ብር። ከምሽቱ 4 በኋላ እስከ ንጋት በ1.75፣ 35 ብር። በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በበዓል በ2.5። ብዙ ቦታ የሚጭበረበረው ሌሊቱ ነው፤ ሁሉንም በ1.5 ይደፍቁታል። ስለዚህ በየዕለቱ የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት፣ ያዘዛችሁን ሰው ስም ደብተር ላይ ጻፉ። የፈረቃ ሰሌዳውን በስልክ አንሱ፣ የባንክ ስቴትመንት አውጡ።

ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ አዘጋጁ፤ የቢሮው መዝገብ ቤት በእናንተ ኮፒ ላይ ቀን፣ ቁጥርና ማህተም ያድርግበት። ለቢሮው የሥራ ተቆጣጣሪ (ኢንስፔክተር) አቤት ማለት ይርጋውን ያቋርጣል፤ ማስረጃው ያ ማህተም ነው፣ ያለሱ ቃል ለቃል መከራከር ነው።

ተቆጣጣሪው ሳያስታውቅ በሥራ ሰዓት መግባት ይችላል፤ በአቤቱታ መምጣቱንና ማን እንዳቀረበ ለአሠሪው መናገር ተከልክሏል። የአንድ ሰው ሂሳብ ሲሆን ግን ማን እንደሆነ መገመቱ አይቀርም፤ ከተቻለ የፈረቃው ሰዎች አብራችሁ ግቡ።

ካልተከፈለ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ሂዱ። ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም፤ ሕጉ ውሳኔው በ60 ቀን እንዲሰጥ ይላል፣ ቀጠሮ ግን ሊያንዛዛው ይችላል።

ሠራተኛን አቤት ስላለ ማሰናበት ሕገወጥ ነው። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ግን በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይቀራል። ሲያሰናብቱ በሚያስፈርሙት ክሊራንስ (የመልቀቂያ ቅጽ) ውስጥ «ምንም የመብት ጥያቄ የለኝም» የምትል መስመር አትጠፋም። መብትን አትሽርም፣ ክርክሩን ግን ታራዝማለች፤ ሳታነቡ አትፈርሙ፣ የፈረማችሁትንም ኮፒ ያዙ።