ግፊትና ስኳር በማዕዳችን እንዳይገቡ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ የአመጋገብ ስህተቶች

ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ፣ ከየካ አባዶ እስከ ለገጣፎ፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ የሚኖር ሰው የአመጋገብ ምክር አጥቶ አያውቅም። ሬዲዮው ይመክራል፣ ቲክቶኩ ይመክራል፣ ለቅሶ ቤት አጠገቡ የተቀመጠው ሰውም ይመክራል። ምክሩ ግን ብዙ ጊዜ ስለ ሌላ ሰው ማዕድ ነው፤ ስለ ወይራ ዘይት፣ ስለ አቮካዶ ቁርስ፣ ስለ ሳልመን ዓሣ። እኛ ቤት ያለው እንጀራ፣ ሽሮ፣ ሻይ በዳቦና ቡና ነው። ግፊቱም ስኳሩም ሾልኮ የሚገባው ከዚሁ ከለመድነው ምግብ ነው፤ ያውም ከዓይነቱ ይልቅ ከልኩ።

«እኔ ጣፋጭ አልወድም» ማለት

ይህን የሚል ሰው ቡናውን በሁለት ማንኪያ ስኳር ሲያማስል ታገኙታላችሁ። እስቲ እናስላው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው። አቦሉ በሁለት፣ ቶናው በሁለት፣ በረካውም በሁለት ከተጠጣ 24 ግራም ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በምግብና በመጠጥ ላይ ከሚጨመር ስኳር በቀን ከ50 ግራም ገደማ በላይ እንዳይወስድ ይመክራል፤ ወደ 25 ግራም ቢወርድ ደግሞ የተሻለ ነው ይላል። አንድ የቡና ቁጭታ ብቻውን ያንን 25 ግራም ጨረሰው ማለት ነው። የጠዋቱ ሻይ፣ የመሥሪያ ቤቱ ማኪያቶ፣ ከምሳ ጋር የተከፈተው ለስላሳ ገና አልተቆጠሩም። የለስላሳው አንድ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ብቻውን 30 ግራም ገደማ ስኳር ይይዛል።

ማርም ከዚሁ ሂሳብ ውስጥ ይገባል። «ማር መድኃኒት ነው» ብሎ ሻዩን በማር የሚያጣፍጥ ሰው ከስኳር አልሸሸም። ለአራስና ለታማሚ እየተገዛ የሚወሰደው ማልትም እንደዚያው ነው፤ አልኮል ስለሌለው ብቻ የጤና መጠጥ አይሆንም። ጁስ ቤት ሲገቡ ደግሞ «ስኳር እንዳትጨምሩ» ካላሉ ስፕሪሱ ውስጥ ምን ያህል እንደሚገባ አያዩትም።

ለእኔ ከሁሉም ማሻሻያ ቀላሉ ይሄ ነው፤ ሳንቲም አያስወጣም፣ እንዲያውም ያተርፋል። ከሁለት ማንኪያ ወደ አንድ ተኩል፣ ከዚያ ወደ አንድ መውረድ ነው፤ ምላስ በጥቂት ሳምንታት ይለምዳል። አስቸጋሪው የጎረቤት ቡና ነው፤ አስተናጋጇ ሳትጠይቅ ስኳሩን ሲኒው ውስጥ አድርጋ ትቀዳለች። ገና ረከቦቱ ላይ ሳለ «እቴ፣ ለኔ ግማሽ» ማለት ነውር የለበትም። ጤና አዳም ጣል ያለበት ቡና ደግሞ ስኳር አነሰ አያሰኝም።

በታክሲ ሰልፍ ላይ ቁርስ መጨረስ

ዳርቻ የሚኖር ሠራተኛ ሌሊት 11 ሰዓት ከቤት ይወጣል። ቁርስ የለም። ሰልፉ አጠገብ ግን ከሰል ምድጃ ላይ የተጣደ ብረት ድስት አለ፤ በውስጡ ቦምቦሊኖና ሳምቡሳ ይንቻቻል። ዘይቱን አንዴ ልብ ብለው ይዩት። ሻይ መስሎ ከጠቆረ፣ አረፋ ከሠራ፣ ዓይን የሚያቃጥል ጭስ ካወጣ ደጋግሞ የተጠበሰበት ነው። ዘይት በተደጋጋሚ በኃይለኛ ሙቀት ሲጋል ይበላሻል፤ ለልብና ለደም ሥር የማይበጁ ነገሮች ይፈጠሩበታል። በዚያ ላይ ሊጡ ከነጭ ዱቄት ነው፤ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሆድን ባዶ ያደርጋል።

ሴትዮዋን መውቀስ አይገባም፤ ዘይት ተወዷል፣ እሷም ልጅ ታሳድጋለች። ለገዢው ግን ሌላ መንገድ አለው። እዚያው ሰልፍ ላይ የተቀቀለ እንቁላልና ቆሎ የሚሸጥ ልጅ አይጠፋም። ከቤት ከሆነ በሶ አለ፤ ማታ ዱቄቱን በዕቃ አዘጋጅቶ ጠዋት በውኃ መበጥበጥ ነው፤ ከጨውና ከስኳሩ ቆጠብ ማለት ብቻ ነው። ገብስ ውስጥ ያለው የሚሟሟ አሰር (ፋይበር) የደም ኮሌስትሮልን ዝቅ ለማድረግ እንደሚረዳ በደንብ የተረጋገጠ ነው። ከገጠር የመጣ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ምግብ ከተሜነት ለምን እንዳስረሳን አይገባኝም።

«ጤፍ ስኳር አይነካም» ብሎ ያለ ልክ መብላት

ስኳር ሕመም ያለበት ሰው «ዳቦ አቁም፣ ጤፍ ብላ» ሲባል ይሰማል፤ ከዚያ በአንዴ ሁለት እንጀራ ይጨርሳል። ጤፍ ከነገለባው ስለሚፈጭ አሰርና ብረት አለው፤ ከነጭ ዱቄት ይሻላል። ነገር ግን ዞሮ ዞሮ ስታርች ነው፤ ሆድ ውስጥ ሲፈጭ ስኳር ይሆናል። የደም ስኳርን የሚወስነው የተበላው መጠንና አብሮ የተበላው ነገር ነው።

ከዚህ የባሰው እንጀራን በእንጀራ መብላት ነው። ፍርፍር በእንጀራ፣ ፓስታ በእንጀራ፣ ድንች ወጥ በእንጀራ፤ ማዕዱ ሞልቶ ይታያል እንጂ ስታርች ላይ ስታርች ነው የተደረበው። ሽሮ፣ ምስር ወይም ክክ ሲሆን ግን ጥራጥሬው ፕሮቲንና አሰር ይዞ ስለሚመጣ እንጀራውን ያመጣጥነዋል። ድንች አትክልት ተብሎ ቢጠራም በዚህ ሂሳብ ከእንጀራው ወገን ነው።

ሌላው የሩዝ ነገር ነው። ጤፍ ሲወደድ ሩዝ ቀላቅሎ ማስፈጨት በየወፍጮ ቤቱ ተለምዷል። እንጀራው ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ያምራል፤ ነገር ግን የተፈተገ ነጭ ሩዝ በበዛ ቁጥር አሰሩ ይሳሳል። ኪስ መቀላቀል ግድ ካለ ማሽላ ወይም ገብስ ይሻላል። ገበያ የሚሄዱ ደግሞ ከማኛው ይልቅ ቀይ ወይም ሰርገኛ ጤፍ ቢገዙ ዋጋውም ይቀላል፤ የእንግዳ ዓይን ካላስቸገረ በቀር።

ዘይትን በዓይን መለካት

እኛ ዘንድ ወጥ በሰለ የሚባለው ዘይቱ ላይ ሲወጣ ነው። ይህን ለማየት ሲባል ዘይት ከጀሪካኑ ቀጥታ ወደ ድስቱ ይንቆረቆራል። አራት ሆነው የሚኖሩ ቤተሰቦች በወር አንድ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ከጨረሱ ለአንድ ሰው በቀን 40 ሚሊ ሊትር ገደማ ደረሰው ማለት ነው፤ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ያህል፣ ከ330 ኪሎ ካሎሪ በላይ። ሕፃናቱ ብዙ ስለማይበሉ የአዋቂው ድርሻ ከዚህም ያልፋል። ጀሪካኑ ላይ የተከፈተበትን ቀን በእስክሪብቶ ይጻፉና የሚያልቅበትን ቀን ይዩ፤ ይህን ያህል የሚያስደነግጥ ሌላ መለኪያ የለም።

ዓይነቱም ይለያያል። በብርድ የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ረጊ ስብ (ሳቹሬትድ ፋት) ነው፤ ይህ ደግሞ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል። በኑግ፣ በሱፍ ወይም በአኩሪ አተር ዘይት ውስጥ ያለው ከአምስት አንድ እጅ አይሞላም። ልዩነቱን መግዛት የማይችል ሰው የሚረጋውንም ቢሆን መጠኑን መቀነስ ይችላል። ቅቤ ወዳጆችም አይቀየሙኝ፤ የገጠር ንጹህ ቅቤ ቢሆንም ከግማሽ በላዩ ያው ረጊ ስብ ነው።

አሠራሩ አዲስ አይደለም፤ ዶሮ ወጥ የሚሠሩ እናቶች ያውቁታል። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ደርቆ ይቁላላ፤ ሊይዝ ሲል ውኃ ጠብ ማድረግ፤ ሽንኩርቱ በደንብ ከሟሸሸ በኋላ ዘይቱን በሾርባ ማንኪያ ቆጥሮ መጨመር። ለአራት ሰው ወጥ ከሦስት እስከ አራት ማንኪያ ይበቃል። ወጡን የሚያወፍረው ሽንኩርቱ ነው።

ጨውን አንዴ የጨመሩ መስሎ መታየት

«ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ» እንላለን፤ የእኛ ጨው ግን ከመጣፈጥ አልፏል። እ.ኤ.አ. በ2015 የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ባደረገው ሀገር አቀፍ ጥናት የአዋቂዎች አማካይ የጨው ፍጆታ በቀን 8.3 ግራም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ።

የሚበዛው ድስቱ ላይ ብቻ ቢሆን ይቀል ነበር። በርበሬው ሲደለዝ ጨው ገብቶበታል። ሽሮውም ሲፈጭ ገብቶበታል። ወጡ ላይ ደግሞ ይጨመራል፣ አንዳንዴ የሾርባ ኩብ ይታከልበታል፤ ሲበላ አዋዜና ሚጥሚጣ ይቀርባል። ስለዚህ ማስተካከያው የሚጀምረው በርበሬና ሽሮ ከሚዘጋጅበት ቀን ነው፤ ጨው ሳይገባበት ወይም በጣም አንሶ ይዘጋጅ። ድስቱ ላይ አዮዲን ያለውን ጨው መጨረሻ ላይ ይጨምሩ፤ አዮዲን በሙቀት ስለሚቀንስም ይሄ ይሻላል።

የጾም ምግብ ሁሉ ቀላል ነው ብሎ ማመን

ጥራጥሬና ጎመን የበዛበት ጾም ለጤና ይስማማል። ነገር ግን የጾም ማዕድ ብዙ ቤት ውስጥ ቅቤና ሥጋ የሌለበት የዘይት ማዕድ ሆኗል፤ የተጠበሰ ድንች፣ ፓስታ በስጎ፣ ሳምቡሳ። ረመዳን ላይም ማፍጠሪያው በሳምቡሳና በጣፋጭ ሲሞላ ያው ነው። የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ወይም እስከ ማታ ከመቆየቱ በፊት የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን ከሐኪሙ ጋር መነጋገር አለበት፤ ስኳር በድንገት ወርዶ ራስ የሚያስት ነገር ነው።

ጾሙ ሲፈታ የሚመጣውም አለ። ቅዳሜና እሁድ ከከተማ ወጣ ብሎ ቁርጥ መብላት ደስ ይላል፤ አንድ ኪሎ ለሁለት ከተባለ ግን እያንዳንዱ ግማሽ ኪሎ በላ። የዓለም የካንሰር ምርምር ፈንድ ቀይ ሥጋ ከበሰለ በኋላ ሲመዘን በሳምንት ከ350 እስከ 500 ግራም እንዳያልፍ ይመክራል፤ ይህም ጥሬው ሲመዘን ከ525 እስከ 750 ግራም ያህል ማለት ነው። የሳምንቱ ድርሻ አብዛኛው በአንድ ቁጭታ አለቀ።

አትክልትን ለማጣፈጫ ብቻ መግዛት

ቃሪያና ቲማቲም ማጣፈጫ ናቸው፤ በቀን የሚመከረው 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ በእነሱ አይሞላም። ስለ ጨው ሳወራ በጠቀስኩት ጥናት ከ100 አዋቂዎች 97 ያህሉ በቀን አምስት ድርሻ፣ ማለትም ያንኑ 400 ግራም ያህል፣ አይሞሉም ነበር። ፍራፍሬ ውድ ነው፤ እውነት ነው። ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ዱባ ግን በእሁድ ገበያ ከሥጋም ከዘይትም በታች ዋጋ አላቸው።

በአቃቂ በኩል የሚኖሩ «በቆሻሻ ወንዝ የበቀለ ነው» ብለው ጎመን ሲተዉ እሰማለሁ። ስጋቱ መሠረት አለው፤ ወንዙ የፋብሪካና የከተማ ፍሳሽ ይሸከማል፣ በመስኖው በበቀሉ ቅጠላ ቅጠሎች ላይም ከባድ ብረቶች ተገኝተዋል። ማጠብ አፈሩን፣ መቀቀል ተህዋሱን ያስወግዳል፤ ተክሉ ውስጥ የገባ ብረት ግን በማጠብ አይወጣም። መፍትሔው ሻጯን ከየት እንደመጣ መጠየቅ፣ ዓይነት መቀያየር፣ ቦታ ያለው ደግሞ ጆንያ ውስጥ አፈር ሞልቶ በቧንቧ ውኃ ጎመንና ቆስጣ ማብቀል ነው።

መድኃኒቱን በሽፈራው መተካት

ሽፈራው፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ተልባ፤ ሁሉም ምግብ ናቸው፣ መብላቱ አይከፋም። የግፊት ኪኒን ትቶ ሽፈራው መቀቀል ግን አደገኛ ነው። ግፊት አያምም፤ «ደህና ነኝ» ማለት ወርዷል ማለት አይደለም። ጤና ጣቢያ ሲሄዱ መለካት ብቻ ሳይሆን የሚጠጡትን ቅጠልም ለባለሙያው ይናገሩ፤ አንዳንዱ ከስኳር መድኃኒት ጋር ሲደመር ስኳርን ከሚገባው በላይ ያወርዳልና።