የፒጂኤ ቱርን የውድድር ዘመን እና ፕሌይኦፍ ሳይደናገሩ እንዴት መከታተል ይቻላል?

የጎልፍ ጨዋታው ራሱ አይከብድም። በትንሽ ምት የጨረሰ ያሸንፋል፣ አለቀ። ጭንቅላት የሚያዞረው የፒጂኤ ቱር (የአሜሪካ ዋናው የባለሙያዎች የጎልፍ ውድድር) የዓመት ፕሮግራም ነው፤ በየጊዜው ስለሚቀያየር አምና የገባችሁ ነገር ዘንድሮ ላይሠራ ይችላል። የዓመቱ ሻምፒዮን የሚለይበት ፕሌይኦፍማ ጭራሽ! ደግነቱ ሕጉን ሁሉ መሸምደድ አያስፈልግም። ማን እየመራ እንደሆነ ማየቱን ለጊዜው ተዉትና አራት ቁጥሮች ብቻ ያዙ፦ 70፣ 50፣ 30 እና 100። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የዓመቱን ቅርጽ ያዙ

ዋናው ዘመን አሁን ከጃንዋሪ እስከ ኦገስት ነው። ከ2013 ጀምሮ ለአስር ዓመት ያህል ግን ዘመኑ ሴፕቴምበር ወይም ኦክቶበር ላይ ተጀምሮ በሚቀጥለው ዓመት ነበር የሚያልቀው፤ ስለዚህ የድሮ ሠንጠረዥ ላይ «2018–19» የሚል ስታዩ ግራ አትጋቡ። በ2024 ወደ አንድ ዓመት ተመልሷል። ጥሩ አደረጉ፣ የድሮው ማንም በቅጡ የገባው አይመስለኝም።

ቀጥሎ ትልልቆቹን ውድድሮች በየወራቸው አስቀምጡ። ዘ ፕሌየርስ ሻምፒዮንሺፕ ማርች፣ ማስተርስ ኤፕሪል፣ ፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕ ሜይ፣ ዩኤስ ኦፕን ጁን፣ ዘ ኦፕን ጁላይ። የመጨረሻዎቹ አራቱ ሜጀር የሚባሉት ናቸው። ፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕ ድሮ ብዙውን ጊዜ ኦገስት ላይ ነበር። በ2019 ወደ ሜይ የመጣው፣ ፕሌየርስም ከሜይ ወደ ማርች የተገፋው፣ ፕሌይኦፉ ኦገስት ውስጥ ተጠናቆ እንዲያልቅ ተብሎ ነው። ሴፕቴምበር ላይ የአሜሪካ ፉትቦል ሲጀምር ጎልፍ የሚያይ ሰው ይቀንሳላ! ከዚያ ጋር መጋፋት አያዋጣም።

ውድድሮቹን በዓይነት ለዩ

ሁሉም ሳምንት እኩል አይደለም፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሲግኒቸር የሚባሉ ውድድሮች አሉ፤ በ20 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት የሚካሄዱና የሚገቡበት ተጫዋቾች ከ70 እስከ 80 ገደማ ብቻ የሆኑ። አብዛኞቹ ላይ ከሁለት ቀን በኋላ ማጣሪያ የለም፣ ሁሉም አራቱን ቀን ይጫወታል። ጄነሲስ፣ አርኖልድ ፓልመር እና ሜሞሪያል ላይ ግን አለ። እነዚህ ውድድሮች እንዲህ የጎሉት ሊቭ ጎልፍ የሚባል ተፎካካሪ ሊግ በ2022 መጥቶ በሳዑዲ ገንዘብ ኮከቦችን መውሰድ ከጀመረ በኋላ ነው። የቀሩት ኮከቦች እንዳይሄዱ፣ እርስ በርስም ቶሎ ቶሎ እንዲገናኙ ተፈለገ።

ከዚያ ደግሞ ከመቶ በላይ ተጫዋቾች የሚገቡባቸው፣ ግማሹ ላይ ማጣሪያ ያለባቸው መደበኛ ውድድሮች አሉ። ትልልቆቹ ሌላ ቦታ ሲጫወቱ በዚያው ሳምንት የሚካሄዱ ትንንሾችም አሉ።

ፕሮግራሙን በየዓመቱ ከአዲስ ማየት ልመዱ። የ2026ን ተመልከቱ፦ ዘመኑን የሚከፍተው ዘ ሴንትሪ፣ ማዊ ደሴት ላይ ያለው የካፓሉዋ ሜዳ በውሃ ችግር ሣሩ ስለደረቀ ጭራሽ ተሰረዘና ዘመኑ ሆኖሉሉ ላይ በሶኒ ኦፕን ተጀመረ። በሌላ በኩል ከ2016 ወዲህ ከቱሩ ፕሮግራም ውጭ የነበረው የፍሎሪዳው የዶራል ሜዳ ተመለሰ።

ነጥቡን በግምት እወቁ

መደበኛ ውድድር ያሸነፈ 500 የፌዴክስ ካፕ (የዓመቱ ዋንጫ) ነጥብ ያገኛል። ሲግኒቸር 700፣ ሜጀር እና ፕሌየርስ 750፣ ትንንሾቹ 300። በሁለቱ የመጀመሪያ የፕሌይኦፍ ውድድሮች ግን አሸናፊው 2,000 ይወስዳል። አራት መደበኛ ውድድር እንደማሸነፍ ማለት ነው። ስለዚህ ጁላይ ላይ 60ኛ የሆነን ተጫዋች «አለቀለት» አትበሉ።

ኦገስት ሲደርስ ዓይናችሁን ወደ ታች አድርጉ

ዊንደም ሻምፒዮንሺፕ የመደበኛው ዘመን መጨረሻ ነው። እሱ ሲያልቅ በነጥብ እስከ 70ኛ ያሉት ብቻ ሜምፊስ ወደሚካሄደው ፌዴክስ ሴንት ጁድ ይሄዳሉ። ከሜምፊስ በኋላ 50 ይቀራሉ፣ ለቢኤምደብሊው ሻምፒዮንሺፕ። ከዚያ 30፣ አትላንታ ኢስት ሌክ ላይ ለሚደረገው ቱር ሻምፒዮንሺፕ። ቢኤምደብሊው ቦታው በየዓመቱ ይቀያየራል፤ በ2025 ሜሪላንድ ኬቭስ ቫሊ ነበር፣ ለ2026 የተመደበው ሴንት ልዊስ ያለው ቤለሪቭ ነው። በሦስቱም ላይ ማጣሪያ የለም።

ድሮ እንዲህ ጠባብ አልነበረም። በ2007 ሲጀመር ውድድሮቹ አራት ነበሩ፣ በሩም ለ144 ሰው ክፍት ነበር። ቆይቶ 125 ሆነ፣ በ2019 ውድድሮቹ ወደ ሦስት ወረዱ፣ በ2023 ደግሞ መግቢያው 70 ላይ ቆመ።

አሁን ዋናው ምክሬ። እሑድ ማታ ሁሉም ሰው አንደኛውን ያያል፤ እናንተ 68ኛ፣ 49ኛ፣ 29ኛ አካባቢ ያሉትን እዩ። የውጤት ሠንጠረዡ ላይ ውድድሩ አሁን ቢያልቅ ተጫዋቹ በዓመቱ ነጥብ ስንተኛ እንደሚሆን የሚያሳይ ዓምድ ይኖራል፣ እሱን ተከተሉ። በተለይ 50 ላይ ያለው መስመር ከባድ ነው፤ ቢኤምደብሊው ላይ የገባ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ሁሉም ሲግኒቸር ውድድሮች ላይ ቦታ አለው፤ 51ኛው ግን ያን ቦታ እንደገና መለመን ይጀምራል። በአንዲት ምት የአንድ ሰው ሙሉ ዓመት ይቀየራል። ላይኛው ያለው ግን ዘና ማለት ይችላል፦ በ2025 ሮሪ ማክልሮይ ሁለተኛ ሆኖ ስለነበር ሜምፊስን ጭራሽ ሳይሄድ ቀረ፣ ምንም አልሆነም።

ኢስት ሌክ ላይ የድሮውን ሕግ እርሱ

ብዙ የተቀየረው እዚህ ነው። መጀመሪያ ላይ የሳምንቱ አሸናፊና የዓመቱ ሻምፒዮን ሁለት ሰው ሊሆኑ ይችሉ ነበር። በ2018 ታይገር ዉድስ ውድድሩን አሸነፈ፣ ሕዝቡ ሜዳ ላይ ተከትሎት ጎረፈ፣ ፌዴክስ ካፑን ግን ጀስቲን ሮዝ ወሰደ። ለቴሌቪዥን ይሄ ራስ ምታት ነው።

ስለዚህ በ2019 ሌላ ነገር አመጡ። በነጥብ አንደኛ የሆነው ገና ሳይጫወት ከፓር (ለሜዳው ከተመደበው የምት ብዛት) በታች 10 ይዞ ይጀምራል፣ ሁለተኛው 8፣ ሦስተኛው 7፣ እያለ እስከ ዜሮ ይወርዳል። መቶ ሜትር ላይ አንዱን ሯጭ አሥር ሜትር ወደ ፊት አስጠግቶ እንደማስነሳት ነው። አሸናፊው አንድ ሰው ብቻ ሆነ፣ ግን የሳምንቱን ምርጥ ጎልፍ የተጫወተው ሰው ላያሸንፍ ይችላል። በ2024 ስኮቲ ሼፍለር በ30 ከፓር በታች አሸነፈ ሲባል ከዚያ ውስጥ 10ሩ ስጦታ ነበር። ኮሊን ሞሪካዋ በዚያ ሳምንት በእውነተኛ ምት 22 ከፓር በታች ተጫውቶ ሁለተኛ ወጣ።

ከ2025 ጀምሮ ይሄ ቀርቷል። 30ውም ከዜሮ ይጀምራሉ፣ አራት ቀን ይጫወታሉ፣ በትንሽ ምት የጨረሰ ፌዴክስ ካፑን ይወስዳል። በዚህ ሕግ የመጀመሪያው አሸናፊ ቶሚ ፍሊትዉድ ሆነ፣ 10 ሚሊዮን ዶላርም አገኘ፤ የሚገርመው ፒጂኤ ቱር ላይ ከዚያ በፊት አንድም ውድድር አሸንፎ አያውቅም ነበር። ስለዚህ የአዲሱ ፎርማት ትርጉም ይሄ ነው፦ የዓመቱ ነጥብ በሩን ያስገባችኋል እንጂ ውስጥ ምንም አይጨምርላችሁም። ዓመቱን ሙሉ ሲያሸንፍ የከረመ ሰው በአንድ መጥፎ ሐሙስ ዋንጫውን ማጣቱ ፍትሐዊ ነው ወይ? እኔ አይደለም ባይ ነኝ። ለማየት ግን ከድሮው በጣም ይሻላል፣ ቢያንስ ካልኩሌተር አያስፈልግም።

ከዋንጫው በኋላ ቴሌቪዥኑን አትዝጉ

ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ፌዴክስ ካፕ ፎል የሚባል ተከታታይ ውድድር አለ። ትልልቆቹ ስለሚያርፉ ብዙ ሰው አያየውም። አራተኛው ቁጥር ግን እዚህ ነው ያለው። ከ50ኛ በታች ያሉት የዓመቱን ነጥባቸውን እንደያዙ ይቀጥላሉ፣ መጨረሻ ላይ እስከ 100ኛ ያሉት ለሚቀጥለው ዓመት ሙሉ ካርድ (ቱሩ ላይ የመጫወት መብት) ያገኛሉ። ለረጅም ጊዜ 125 ነበር፤ ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ ነው የጠበበው። ከ51 እስከ 60 የሚጨርሱት ደግሞ በአዲሱ ዓመት መጀመሪያ ላይ ባሉ ሲግኒቸር ውድድሮች ይገባሉ።

ስለዚህ የኖቬምበሩን የመጨረሻ እሑድ ስታዩ ሁለት ዝርዝር አዘጋጁ፦ 60ኛ አካባቢ ያሉትን እና ከ95 እስከ 105 ያሉትን። እነዚህን ቁጥሮች ግን በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ እንደገና አረጋግጡ፤ በ2025 ቱሩ በታይገር ዉድስ የሚመራ ኮሚቴ አቋቁሞ ፕሮግራሙን ከሥሩ እንዲፈትሽ ሥራ ሰጥቶታል።