በቱርቦ ሮታሪ ሞተር ላይ የነዳጅ እጥረትን ደረጃ በደረጃ እንዴት መፈተሽ ይቻላል

ቱርቦ ያለው ማዝዳ አርኤክስ-7 በሚኒሞ ጸጥ ብሎ ይሠራል፣ ከተማ ውስጥም አያስቸግርም፤ ነዳጅ ጠበቅ አድርገው ሲረግጡት ግን ይንተፋተፋል ወይም ጉልበት ይከዳዋል። አብዛኛው ሰው እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ካንዴላ ነው። ቀጥሎ ሞተሩ በሚኒሞ እያለ የነዳጅ ግፊት ይለካል፤ ጌጁ ደህና ቁጥር ሲያሳይ "ፓምፑ ምንም አላለም" ተብሎ ይታለፋል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። በሚኒሞ ሞተሩ የሚፈጀው ከፓምፑ አቅም ጥቂቱን ስለሆነ፣ ሊሞት የተቃረበ ፓምፕም ይህን ፈተና ያልፋል። መታወቅ ያለበት ቱርቦው አየር በሚጭንበት ሰዓት ያለው ግፊት ነው።

የዚህ መኪና ሮታሪ ሞተር (በፒስተን ፋንታ ባለሦስት ጫፍ ሮተር የሚዞርበት) ደግሞ የነዳጅ እጥረትን አይምርም። ቱርቦው እየጫነ ነዳጅ ሲያንስ ቅይጡ ያለጊዜው ይፈነዳል፤ በሮተሩ ሦስት ጫፎች ላይ ያሉት ቀጫጭን ማሸጊያዎች ይህን ምት አይችሉትም። አንዱ ከተሰበረ ሞተሩ ይፈታል፤ ስብርባሪው በጭስ ማውጫው በኩል ሲወጣ የቱርቦውን ተርባይንም ሊመታ ይችላል። ስለዚህ የሚንተፋተፍ መኪናን "ምናልባት ይስተካከል ይሆናል" እያሉ ደጋግሞ መርገጥ አይገባም። ምርመራው እስኪያልቅ ቱርቦው እንዳይጭን ቀስ ብሎ መንዳት ነው።

ከመጀመርዎ በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ቁጥሮች

እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2002 የተመረተው ኤፍዲ በመባል የሚታወቀው አርኤክስ-7 አራት ኢንጀክተሮች (ነዳጅ መርጫዎች) አሉት። ሁለቱ ቀዳሚዎች በደቂቃ 550 ሲሲ፣ ሁለቱ ተከታዮች 850 ሲሲ ይረጫሉ። ከእሱ በፊት የነበረው ኤፍሲ ቱርቦ አራቱም 550 ናቸው። ለእያንዳንዱ ሮተር አንድ ቀዳሚና አንድ ተከታይ ይደርሰዋል። በዝቅተኛ ጭነት የሚሠሩት ቀዳሚዎቹ ብቻ ናቸው፤ ተከታዮቹ ዙሩና ጭነቱ ሲጨምር ይገባሉ።

የነዳጅ ግፊቱ የሬጉሌተሩ (የግፊት መቆጣጠሪያው) ቫኪዩም ቱቦ ተነቅሎ ሲለካ ወደ 2.5 ባር ይጠጋል፤ ቱቦው ሲመለስ በሚኒሞ ወደ 2 ባር ይወርዳል። ትክክለኛውን ወሰን ለሞዴልዎ ከተዘጋጀው የጥገና መመሪያ ያረጋግጡ። ዋናው ሕግ ግን አንድ ነው፦ ቱርቦው የጨመረውን ያህል የነዳጅ ግፊቱም መጨመር አለበት። ኤፍዲ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚጭነው ወደ 0.7 ባር ነው፤ ስለዚህ በዚያ ሰዓት ጌጁ 3.2 ባር ገደማ ማሳየት አለበት።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች፦ የነዳጅ ግፊት ጌጅ ከቲ ማያያዣ ጋር፣ ለኢንጀክሽን ነዳጅ የተሠራ ቱቦና ማጥበቂያ፣ መልቲሜትር፣ ልኬት ያለው የነዳጅ መያዣ፣ ጌጅ ያለው የእጅ መንፊያ (የብስክሌት ጎማ መንፊያም ይሆናል)፣ ዋይድባንድ የኦክስጅን ሴንሰር (ከጭሱ የአየርና የነዳጅን ምጣኔ የሚያነብ)፣ እሳት ማጥፊያ። የመጨረሻው ለይስሙላ የተጻፈ አይደለም።

1. መጀመሪያ አሽትተው ይመልከቱ

ሞተሩ ሳይነሳ ፓምፑን ብቻ ያስነሱ። በኤፍዲ ላይ ኮፈኑ ሥር ባለው የመመርመሪያ ሳጥን ውስጥ "ኤፍ/ፒ" እና "ጂኤንዲ" የተባሉትን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኝተው ቁልፉን ይክፈቱ። በኤፍሲ ላይ ለዚሁ ሥራ የተቀመጠ ቢጫ ባለሁለት ሽቦ ሶኬት አለ።

ፓምፑ እየሠራ በባትሪ መብራት ከኢንቴክ ማኒፎልዱ ሥር ይዩ። የእነዚህ መኪናዎች የታወቀ ደካማ ጎን የነዳጁን መስመር ንዝረት የሚያለዝበው ዳምፐር ነው። ውስጡ ያለው ስስ ሽፋን ሲቀደድ ቤንዚኑ በጋለ ሞተር ላይ ይረጫል፤ ብዙ አርኤክስ-7 የተቃጠለው በዚህ ነው። ቱርቦው አጠገብ ያሉትን የጎማ ቱቦዎችም በጣት ይጫኗቸው፤ የደረቀና የተሰነጠቀ ካለ ምርመራውን አቁመው ሁሉንም ይቀይሩ።

2. ጌጁን ይግጠሙ

መስመሩን ከመፍታትዎ በፊት ሞተሩ እየሠራ የፓምፑን ሪሌ ይንቀሉ፤ ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ ግፊቱ ይወርዳል። ጌጁን ከማጣሪያው በኋላ፣ ወደ ኢንጀክተሮቹ በሚገባው መስመር ላይ በቲ ያስገቡ። ለመንገድ ሙከራ የኤሌክትሪክ ሴንሰር ያለው ጌጅ ይጠቀሙ፤ ቤንዚን የያዘ ቱቦ ወደ ጋቢና አይገባም።

አሁን በሚኒሞ ይለኩ፣ ቫኪዩም ቱቦውን ነቅለውም ይለኩ። አንድ የሚያደናግር ነገር አለ፦ ሞተሩ ግሎ ጠፍቶ ወዲያው ሲነሳ ኮምፒውተሩ ሆን ብሎ ለጥቂት ጊዜ ቫኪዩሙን ከሬጉሌተሩ ይዘጋል። ያኔ ከፍ ያለ ግፊት ማየት ጤነኛ ነው።

ሞተሩን ሲያጠፉ ግፊቱ ቶሎ የሚወርድ ከሆነ አንዱ ቦታ ያፈሳል። ቱቦዎቹ አዲስ ከሆኑ ብቻ የመመለሻውን ቱቦ ቆንጥጠው ይያዙ፤ ግፊቱ ከቆመ ጥፋቱ የሬጉሌተሩ ነው። ካልቆመ የመምጫውን ይያዙ፤ አሁን ከቆመ የፓምፑ ማገጃ ቫልቭ አልቋል። ሁለቱም ካልረዱ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር አለ። ይህ በሮታሪ ላይ ቀላል አይደለም፤ የሚንጠባጠበው ቤንዚን ማሸጊያዎቹ ላይ ያለውን ዘይት አጥቦ ኮምፕሬሽን ያሳጣና መኪናው ሲግል አልነሳም ይላል። እንዲህ ከተጥለቀለቀ የፓምፑን ፊውዝ ነቅለው፣ ካንዴላዎቹን አውጥተው በሞተሪኖ ያዙሩት፤ በየሮተሩ ቀዳዳ የሻይ ማንኪያ የሚሆን የሞተር ዘይት ጨምረው ደረቅ ካንዴላ ይግጠሙ።

3. ሞተሩን ሳያስነሱ ቱርቦውን ያስመስሉ

ሁሉም ሰው የሚዘለው፣ ግን ከሁሉ በላይ የሚናገረው ፈተና ይህ ነው። የመመለሻውን መስመር ልኬት ባለው መያዣ ውስጥ ያስገቡ። የሬጉሌተሩን ቫኪዩም ቱቦ ነቅለው በቦታው የእጅ መንፊያውን ያያይዙና 0.7 ባር ይስጡት። ፓምፑን ያስነሱ። ጌጁ ከ2.5 ወደ 3.2 ካልወጣ ወይ ሬጉሌተሩ ወይ ፓምፑ አልቻለም። የመመለሻውን ቱቦ ለአፍታ ቢቆነጥጡት (አሁንም አዲስ ከሆነ ብቻ) ግፊቱ በአንዴ ከፍ ካለ ፓምፑ አቅም አለው፣ ጥፋቱ የሬጉሌተሩ ነው።

ከዚያ በዚሁ ግፊት ለ15 ሰከንድ የሚመለሰውን ቤንዚን ይለኩ። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ የኤፍዲ አራቱ ኢንጀክተሮች ሲደመሩ በደቂቃ 2800 ሲሲ ይረጫሉ፤ ኢንጀክተር ከ85 በመቶ በላይ ክፍት ሆኖ እንዲሠራ ስለማይፈለግ 2380 ሲሲ ይበቃል። በ15 ሰከንድ ወደ 600 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ፓምፑ ለተገጠሙት ኢንጀክተሮች አይበቃም። በትክክል 600 ከሆነም ዕረፍት አይሰጥም፤ ፓምፕ ሲግል ይደክማል። ለኤፍሲ በዚሁ ስሌት 470 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል።

4. ፓምፑን ከመቀየርዎ በፊት ቮልቴጁን ይለኩ

መጠኑ ካነሰ መልቲሜትሩን ፓምፑ እየሠራ በራሱ ሶኬት ላይ ያስገቡ። ከባትሪው ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት በላይ ከሆነ የፓምፑ ችግር ላይሆን ይችላል፦ ያረጀ ሪሌ፣ የዛገ ሶኬት ወይም የኔጌቲቭ ሽቦው ነው። የኔጌቲቩን ለብቻው ይለኩት፤ ከ0.2 ቮልት በላይ መጥፋት የለበትም።

ኤፍዲ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ፓምፑ በዝቅተኛ ጭነት በሬዚስተር በኩል በተቀነሰ ቮልቴጅ ይሠራል፤ ጭነት ሲመጣ ሪሌው ሙሉ ቮልቴጅ ይሰጠዋል። ሪሌው ይህን ካላደረገ በሚኒሞ ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ በቱርቦ ሰዓት ብቻ ይራባል። በሚኒሞ ዝቅ ያለ ቮልቴጅ ቢያዩ አይደንግጡ፤ ሲረገጥ ግን መነሳት አለበት።

ቮልቴጁ ደህና ከሆነ ወደ ማጣሪያው ይሂዱ። ኤፍዲ ላይ ከኋላ በኩል ከመኪናው ሥር የማይመች ቦታ ስለተቀመጠ ሳይቀየር የኖረ ብዙ ነው፤ ዕድሜው ካልታወቀ መለካቱ ጊዜ ማባከን ነው፣ ይቀይሩት። ቀጥሎ ታንኩን ከፍተው የፓምፑን ወንፊትና ፓምፑን ከመውጫው ጋር የሚያያይዘውን አጭር ቱቦ ይዩ። ቱቦው ከተሰነጠቀ ቤንዚኑ እዚያው ታንክ ውስጥ ይመለሳል፤ ውጭ ምንም ፍሳሽ አይታይም።

5. ተከታዮቹን ኢንጀክተሮች ይፈትሹ

መጠኑም ግፊቱም ደህና ሆኖ መኪናው በተወሰነ ዙር ላይ ብቻ የሚያመነታ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ኢንጀክተር ይዞራል። የቀድሞዎቹ ኤፍሲዎች በ3800 ዙር ገደማ ማመንታት ስም አትርፎላቸዋል፤ ተከታዮቹ የሚገቡት እዚያ ላይ ነው። መጀመሪያ የሞተሩንና የኮምፒውተሩን የኔጌቲቭ ማሠሪያዎች ፈትተው አጽድተው ያጥብቁ፤ ብዙ ጊዜ መፍትሔው ይኸው ነው። ከዚያ የእያንዳንዱን ኢንጀክተር ሶኬት ነቅለው ሬዚስታንሱን ይለኩ፤ የቀድሞው ኤፍሲ ከ1.5 እስከ 3 ኦም፣ የኋለኛው ኤፍሲና ኤፍዲ ከ12 እስከ 16 ኦም ያሳያሉ። ወሳኙ አራቱ እርስ በርስ መቀራረባቸው ነው።

ሬዚስታንስ ግን ስለ ድፍን ቀዳዳ አይናገርም። ኢንጀክተሮቹን በመሞከሪያ ማሽን አስለክተው የፊቱና የኋላው ሮተር የሚያገኙትን ያነጻጽሩ። ዋይድባንዱ የሚያነበው የሁለቱን ሮተሮች አማካይ ነው፦ ምጣኔው 11.5 ነው ሲል አንዱ 10.5 ሌላው 12.5 ሊሆን ይችላል (ቁጥሩ ከፍ ሲል ነዳጅ አነሰ ማለት ነው)፤ የሚሰበረው ሁለተኛው ነው። ካንዴላዎቹን በማየትም ፍንጭ ይገኛል፤ የታችኛውን ከታችኛው፣ የላይኛውን ከላይኛው ጋር ያወዳድሩ። የታችኛው ባለ 7፣ የላይኛው ባለ 9 የሙቀት ቁጥር ስለሆነ ቀለማቸው ከመጀመሪያውም አይመሳሰልም።

6. የመንገድ ሙከራ

የተሻለው ዳይኖ (መኪናው ባለበት ቆሞ ጉልበቱ የሚለካበት ማሽን) ወይም ዝግ ሜዳ ነው። ሦስተኛ ማርሽ፣ 3000 ዙር፣ መጀመሪያ እስከ 0.3 ባር ብቻ ጭነው ይልቀቁ። ደህና ከሆነ 0.5፣ ከዚያ 0.7። ምጣኔው ከ11.5 ማለፍ የለበትም፤ 12 ካዩ ወይም የነዳጁ ግፊት ከሚጠበቀው በ0.2 ባር ከወረደ ወዲያው እግርዎን ያንሱ።

የሁለቱ ንባቦች ጥምረት መልሱን ይሰጣል። ግፊቱ ወርዶ ነዳጅ ካነሰ ፓምፕ፣ ቮልቴጅ ወይም ማጣሪያ ነው። ግፊቱ 2.5 ላይ ተገትሮ ከቀረ የሬጉሌተሩ ቱቦ ተሰንጥቋል ወይም ወልቋል። ግፊቱ እየተከተለ ነዳጅ ካነሰ ኢንጀክተር ነው፤ ኤፍዲ ላይ ደግሞ ወደ ግፊት ሴንሰሩ የሚሄደው ቀጭን ቱቦ ሲያፈስ ኮምፒውተሩ ጭነቱን አሳንሶ ያያል። ግፊቱም ምጣኔውም ደህና ሆኖ መኪናው በድንገት እንደ ግንብ የሚያቆመው ከሆነ ቱርቦው ከመጠን በላይ ስለጫነ ኮምፒውተሩ ነዳጅ እየቆረጠ ነው፤ ማርሚታ ከተቀየረ በኋላ የተለመደ ነው።

ካንዴላ ሳያቀጣጥል ሲቀርም ዋይድባንዱ "ነዳጅ አንሷል" ይላል፤ ያልተቃጠለው ኦክስጅን ሴንሰሩን ያታልለዋል። የነዳጅ ግፊቱ ከቱርቦው እኩል እየወጣ ምጣኔው የሚዘል ከሆነ ነዳጅ ከመጨመርዎ በፊት ካንዴላ፣ ሽቦና ኮይል ይዩ።

ሙከራውን ቢያንስ በግማሽ ታንክ ያድርጉ፤ ታንኩ ሲጎድል በረጅም ኩርባ ላይ ፓምፑ አየር ይስባል፣ ንባቡም ሐሰት ይሆናል። ትልቅ ፓምፕ የገጠሙ ከሆነ ደግሞ በሚኒሞ ያለውን ግፊት እንደገና ይለኩ፤ የፋብሪካው ሬጉሌተርና የመመለሻ መስመር ትርፉን መመለስ ካቃታቸው ግፊቱ ከ2 ባር በላይ ይንሳፈፋል፣ ሞተሩም በነዳጅ ብዛት ይታፈናል።