ሲሞቅ የሚጠፋ፣ ሲበርድ የሚነሳ፦ የቆዩ ስፖርት መኪኖች የመንገድ ላይ ችግርና መፍትሄ

ይህ የተጻፈው ካርቡሬተርና ፑንቲና (ዲስትሪቢዩተር ውስጥ እየተከፈተና እየተዘጋ እሳቱን የሚያስነሳው መገናኛ) ላላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ለተሠሩ ስፖርት መኪኖች ነው፦ ኤምጂቢ፣ ትራያምፍ ስፒትፋየር፣ አልፋ ሮሚዮ፣ ዳትሰን 240ዜድ እና መሰሎቻቸው። ቤንዚን፣ ዘይት፣ ውሃና ባትሪ ታይተዋል ብለን እንጀምራለን። እንዲህ ያለች መኪና ረጅም መንገድ ላይ ስትቆም ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው በቅርቡ በተቀየረላት ወይም በተጨመረላት ዕቃ ላይ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ "መጨረሻ የተነካው ምንድን ነው?" ይሁን።

ችግር፦ አንድ ሰዓት ያህል ደህና ትሄድና ትጠፋለች፤ ግማሽ ሰዓት ስትቆም ትነሳለች

ደጋግሞ የሚመጣው ይህ ነው፤ በከንቱ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣውም ይኸው ነው። መኪናዋ እንደቆመች ኮፈን ይከፈታል፣ "ካርቡሬተር ነው" ይባላል፣ ካርቡሬተሩ ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ይገጠማል። ይህ ሁሉ እስኪሆን ሞተሩ በርዷል። ቁልፍ ሲዞር ትነሳለች፤ ተሠራች ተብሎ ጉዞ ይቀጥላል። 50 ኪሎ ሜትር ሳይኬድ ደግማ ትቆማለች። ያስነሳት ዕረፍቱ ነበር፤ ካርቡሬተሩ ምንም አልበደለም።

ምርመራው ዋጋ ያለው ሞተሩ ትኩስ እያለ ነው። መጀመሪያ አጠፋፏን አስታውሱ። እንደ መብራት በአንዴ ድርግም ካለች እሳት (የካንዴላ ብልጭታ) አጥታለች። እየተንገጫገጨች፣ ጉልበቷ እየከዳት፣ ቤንዚን ሲሰጣት እየባሰባት ከጠፋች ነዳጅ አጥታለች። የአርፒኤም ጌጇ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ሌላም ምልክት አለ፦ መኪናዋ በማርሽ እየተንከባለለች መርፌው በአንዴ ዜሮ ላይ ከወደቀ፣ ከቁልፉ ወደ ኮይሉ (የባትሪውን ቮልት ለካንዴላ ከፍ የሚያደርገው ዕቃ) ወይም ከኮይሉ ወደ ፑንቲናው ያለው መስመር ተቋርጧል።

ከዚያ እሳቱን እዩ። አንድ የካንዴላ ገመድ ነቅላችሁ መለዋወጫ ካንዴላ ሰኩበት፣ የካንዴላውን ብረት ከሞተሩ ብረት ጋር አስነኩና ሞተሪኖውን አዙሩ። ሰማያዊና ድምፁ የሚሰማ እሳት ደህና ነው። ቀጭንና ቢጫ ከሆነ ወይም ጭራሽ ከሌለ ካርቡሬተሩን አትንኩት። ገመዱን በባዶ እጅ አትያዙ። ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ይህን ሙከራ ፈጽሞ አታድርጉ።

እሳቱ ከጠፋ ተጠርጣሪዎቹ ሦስት ናቸው፤ በሚደጋገሙበት ቅደም ተከተል እንያቸው።

ኮንደንሰር። ፑንቲናው ሲከፈት ብልጭታውን የምትውጥ ትንሽ ዕቃ ናት፤ ግን ከሁሉም በላይ መንገድ ላይ የምታስቀር እሷ ናት። ውስጧ የተጠቀለለው ስስ ወረቀትና ፎይል ሲሞቅ ይላላል፣ ሲበርድ መልሶ ይገናኛል። ምልክቱ ፑንቲናው ላይ ይታያል፦ ፊቱ ጠቁሯል ወይም ሰማያዊ መስሏል፤ ሞተሩ ሲዞር በፑንቲናው መካከል ትልቅ ብልጭታ ይወጣል። የአብዛኛው ኮንደንሰር ልክ ከ0.20 እስከ 0.25 ማይክሮፋራድ ነው። በቀዝቃዛው ከለካችሁት ግን ደህና ነኝ ይላችኋል፤ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው። ቴስተሩን ሳትነቅሉ በፀጉር ማድረቂያ አሙቁት። ንባቡ ከወረደ ወይም ከዘለለ ጣሉት። "አዲስ ነው፣ ባለፈው ሳምንት ነው የተገጠመው" የሚለው ክርክር አይሠራም። አሁን የሚሸጡት ርካሽ ቅጂዎች ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ሳይሄዱ የሚሞቱ ናቸው፤ ደህና የሚሠራ አሮጌ ኮንደንሰር "ለጥንቃቄ" ብሎ በእነዚህ መቀየር መኪናዋን መበደል ነው። ሦስት ጊዜ ካርቡሬተሯ ታጥቦ፣ ፖምፓዋ ሁለቴ ተቀይሮ፣ ሳልባትዮዋ ወርዶ ተጠርጎ በመጨረሻ ችግሩ ይህችው ዕቃ ሆና የተገኘችባቸው መኪኖች አንድና ሁለት አይደሉም።

መንገድ ላይ ለመሻገር ዲስትሪቢዩተሩን መፍታት አያስፈልግም። የሞተውን ኮንደንሰር ሽቦ አላቁ። ይህን አትዝለሉ፤ ውስጡ ከማሳ (ከባትሪው ጋር ከተያያዘው የመኪናዋ ብረት) ጋር ከተነካካ አዲሱ ቢጨመርም እሳት አይመጣም። ከዚያ ሌላ ኮንደንሰር ከውጭ፣ ሽቦውን ከኮይሉ በፑንቲናው በኩል ካለው ጫፍ ጋር፣ ገላውን ከንጹሕ ብረት ጋር እሰሩት። ከዲስትሪቢዩተሩ ሙቀት ስለራቀ እንዲያውም እዚያ ይሻለዋል፤ በቋሚነት እንደዚያው መተው ይቻላል።

ሮተር። ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እየዞረ እሳቱን ለየካንዴላው የሚያድል ነው። ብዙ ርካሽ ሮተሮች ላይ ናሱን ከፕላስቲኩ ጋር የያዘች ሪቬት አለች። የሪቬቷ ጫፍ ለዘንጉ በጣም ስለሚቀርብ ሲሞቅ እሳቱ ፕላስቲኩን በስቶ ወደ ዘንጉ ይወርዳል፤ ወደ ካንዴላ የሚደርስ አይኖርም። ለመፈተሽ ክዳኑን አንሱ፣ ሮተሩ በቦታው ይቀመጥ፤ ከኮይሉ የሚመጣውን ወፍራም ገመድ ጫፍ እጀታው ፕላስቲክ በሆነ ፒንሳ ይዛችሁ ከሮተሩ ናስ 3 ሚሊ ሜትር ያህል አርቁት፤ ቁልፉ በርቶ ፑንቲናውን በካቻቢቴ ክፈቱና ዝጉ። እሳቱ እየዘለለ ወደ ሮተሩ ከገባ ሮተሩ ተበስቷል፤ ጤነኛ ሮተር አይቀበልም። የሚገዛው ሪቬት የሌለው ነው።

ኮይል። እዚህ ያለው ጥፋት በአብዛኛው የሰው ነው። ባላስት (ወደ ኮይሉ የሚሄደውን ቮልት የሚቀንስ ሬዚስታንስ) ለሌላት መኪና የሚገባው ኮይል 3 ኦም ያህል ነው፤ ባላስት ላላት 1.5 ኦም። በ12 ቮልት የመጀመሪያው 4 አምፔር ይስባል። "ጉልበት ይጨምራል" ተብሎ የተገዛ 1.5 ኦም ኮይል ባላስት በሌላት መኪና ላይ ሲገጠም 8 አምፔር ይስባል፤ ፑንቲናው ይቃጠላል፣ ኮይሉ እጅ የማያስነካ ይሆናል፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይከዳል። በተቃራኒው 3 ኦም ኮይል ባላስት ባላት መኪና ላይ ከገባ እሳቱ ይደክማል፣ መነሳት ያስቸግራል።

ባላስት ሁልጊዜ በዓይን አይታይም። እ.ኤ.አ. ከ1975 ሞዴል ወዲህ ባሉት ኤምጂቢዎች ላይ ሌላ ሽቦ መስሎ ከሽቦዎቹ ጋር ታስሯል። ስለዚህ አይታችሁ አትገምቱ፤ ለኩ። ፑንቲናው ተዘግቶ ቁልፉ በርቶ ሳለ የኮይሉን ፖዘቲቭ ጫፍ ለኩት፦ 12 ቮልት አካባቢ ከሆነ ባላስት የለም፤ 6 ወይም 7 ከሆነ አለ። ልኬቱን እንደጨረሳችሁ ቁልፉን አጥፉ። ሞተር ሳይነሳ ቁልፍ አብርቶ ሙዚቃ መስማት ኮይል ይጠብሳል፤ በፑንቲና ፋንታ የተገጠመ ኤሌክትሮኒክ ሞጁልንም ይገድላል።

ስለ ሞጁሉ ካነሳን፦ እስከ 1967 እ.ኤ.አ. የተሠሩት ኤምጂቢዎች ማሳቸው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው። ይህን ሳያረጋግጡ ሞጁል፣ ሬዲዮ ወይም ዘመናዊ አርፒኤም ጌጅ ማያያዝ ዕቃውን ወዲያው ማቃጠል ነው። ሞጁል የገጠመ ሰው የቀድሞውን ፑንቲናና ኮንደንሰር ከነሳህኑ መኪናው ውስጥ ይያዝ፤ ሞጁል መንገድ ላይ አይጠገንም።

አልፎ አልፎ ደግሞ ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለችው ቀጭን የማሳ ሽቦ ልባሷ ሳይቀደድ ውስጧ ተበጥሶ ይገኛል፤ በጣት ስትጎተት ከተለጠጠች ተበጥሳለች።

ፑንቲናው ሲገባ ክፍተቱ ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊ ሜትር ይሁን (ለባለ 4 ሲሊንደር የሉካስ ኩባንያ ዲስትሪቢዩተር)፤ ዘንጉ ላይ የክብሪት ራስ የምታህል ግራሶ ቀቡ። ያለ ግራሶ ከተገጠመ የፑንቲናው ተረከዝ ይበላል፣ ክፍተቱ ይጠብባል፣ ታይሚንጉ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ሞተሩም ይሞቃል። ከበዛ ደግሞ ተረጭቶ ፑንቲናው ፊት ላይ ያርፋል።

ለጉዞ የሚያዘው፦ 2 የተሞከሩ ኮንደንሰሮች፣ 1 ሮተር፣ 1 ፑንቲና፣ ኦሙ የተረጋገጠ 1 ኮይል፣ ፊለር ጌጅ፣ ቴስተር፣ 2 ሜትር ሽቦ። "የተሞከሩ" የሚለው ከልብ ነው፤ ከመጓዛችሁ በፊት ገጥማችሁ አንድ ሰዓት ንዱባቸው።

እሳቱ ደህና ሆኖ ነዳጅ ካልመጣ

መጀመሪያ የሳልባትዮውን ክዳን ክፈቱ። ሽው የሚል አየር ወደ ውስጥ ከሳበና መኪናዋ ወዲያው ከተነሳች መተንፈሻው ተዘግቷል። ለውበት ተብሎ የሚገጠመው የሚያብረቀርቅ የውድድር ክዳን ብዙ ጊዜ መተንፈሻ የለውም፤ የድሮው ክዳን ግን በእሱ ይተነፍስ ነበር። መተንፈሻ ያለው ክዳን ግዙ ወይም ከሳልባትዮው ላይኛ ክፍል የመተንፈሻ ቱቦ አውጡ።

ከዚያ ፊልትሮውን እዩ። ከሳልባትዮ የሚመጣ ዝገት በጉዞ ላይ እየተሳበ መስመሩን ይዘጋል፤ መኪናዋ ስትቆም ተመልሶ ይዘቅጣል። እሱም "ስትበርድ ትነሳለች" ያሰኛል። ፊልትሮ መቀየር ለአንድ ቀን ነው፤ ሳልባትዮው ወርዶ ካልጸዳ ይመለሳል።

የጎማ ቱቦዎች። ኢታኖል ያለበት ቤንዚን የድሮ ጎማ ይበላል፤ ብሪታንያ ውስጥ ከመስከረም 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መደበኛው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኢታኖል የያዘው ኢ10 ነው። ቱቦው ከውጭ ጤነኛ መስሎ ውስጡ ይላጥና እንደ ምላስ መንገዱን ይዘጋል። ላዩ ላይ አር9 የሚል ጽሑፍ ያለበት ቱቦ ግዙ። ጽሑፍ የሌለውን፣ በሜትር የሚቆረጥ ርካሽ ቱቦ አትግጠሙ፤ ትኩስ ማርሚታ አጠገብ የሚንጠባጠብ ቤንዚን መኪናዋን ያቃጥላታል።

የጭስ ማውጫ ማኒፎልዱ በቧንቧ ከተቀየረ የድሮው ሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ ተወርውሮ እንደሆነ ጠይቁ። ያለሱ የካርቡሬተሩ ቤንዚን መኪናዋ ቆማ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ይፈላል፣ ሞተሩንም ያጥለቀልቀዋል። ያኔ ቤንዚን ፔዳሉን እስከ ታች ረግጣችሁ፣ ሳትለቁና ሳትደጋግሙ፣ ሞተሪኖውን አዙሩ። ዘላቂው መፍትሄ ቆርቆሮውን መመለስ፣ ከካርቡሬተሩ ሥር ሙቀት የማያስተላልፍ ወፍራም ስፔሰር ማስገባት፣ የቤንዚን ቱቦውን ከማኒፎልዱ ማራቅ ነው።

የኤሌክትሪክ ፖምፓ የሚገጠመው ሳልባትዮው አጠገብ፣ ዝቅ ብሎ ነው፤ መግፋት እንጂ መሳብ አይሆንለትም። ለኤስዩም ለዌበርም ካርቡሬተር 3 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ያህል ይበቃል። ከዚያ የበለጠ ግፊት የካርቡሬተሩን መርፌ ያሸንፋል። በግጭት ጊዜ ፖምፓውን የሚያቆም ማብሪያ ማጥፊያ ግድ ነው።

ችግር፦ ሞተሪኖው ያቃስታል፣ የቾክ ገመዱ ይሞቃል

ማሳ። ሞተሩን ከሻንሲው የሚያገናኘው ወፍራም ገመድ ላልቷል፣ ዝጓል ወይም ሞተር ወርዶ ሲመለስ ተረስቷል። ኤሌክትሪኩ መንገድ ሲያጣ በቾክና በቤንዚን ፔዳል ገመዶች ይመለሳል፤ ገመዱ እስኪቃጠል ድረስ። ሞተሪኖው እየዞረ ከባትሪው የማሳ ጫፍ እስከ ሞተሩ ብረት ለኩ፤ ከ0.2 ቮልት ካለፈ ገመዱን ቀይሩ፣ የሚያርፍበትን ቀለም እስከ ብረቱ ፋቁ። ባትሪ አትግዙ።

ችግር፦ ሙቀት ይወጣል

ከተማ ውስጥ ቆማ ከሞቀች ቬንትሌተሩን፣ በፍጥነት ስትሄድ ከሞቀች ራዲያተሩን ተጠራጠሩ። የተጨመረ የኤሌክትሪክ ቬንትሌተር ሽቦው ተገልብጦ አየር ወደ ፊት ሲገፋ ይገኛል፤ ወረቀት አስጠግታችሁ እዩ። ሪሌይ ከሌለው የዳሽቦርዱን ማብሪያ ያቀልጣል። ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል መፍትሄ አይደለም። 82 ዲግሪ የሚከፍተውን ግዙ፣ ከመግጠማችሁ በፊት ድስት ውስጥ ቀቅላችሁ ሲከፈት እዩት። የራዲያተር ክዳን በትኩሱ አይከፈትም።

ችግር፦ ረጅም ቁልቁለት ላይ የፍሬን ፔዳል ይሰምጣል

የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ይችላል፤ ውሃ ሲጠጣ ወደ 155 ይወርዳል። በየሁለት ዓመቱ ቀይሩ። ዶት 5 ሲሊኮን ነው፣ ከዶት 4 ጋር አይቀላቀልም። ዶት 5.1 ሌላ ነው፣ ሲሊኮን አይደለም። ፍሬኑ ተረግጦ ከተለቀቀ በኋላ አንዱ ጎማ ብቻ እንደተያዘ ከቀረ፣ የአየር ማስወጫው ቪቴ ሲላላ ግን ከለቀቀ፣ ወደዚያ ጎማ የሚሄደው የፍሬን ቱቦ ከውስጥ አብጧል፤ ካሊፐሩን ሳትነኩ ቱቦዎቹን ጥንድ ጥንድ ቀይሩ።

ችግር፦ ባለ ሽቦ ቸርኬ ሲነሱና ሲቆሙ ቀጭ ይላል

የማዕከሉ ጥርስ ተበልቷል። ቸርኬውንና ማዕከሉን አብራችሁ ቀይሩ፤ አዲስ በአሮጌ ላይ አይቆይም። የመሐል ዳዶው የግራና የቀኝ አለው፤ ከተቀያየረ እየነዳችሁ ይፈታል።

ችግር፦ ትራያምፍ ስፒትፋየርና ትራያምፍ ጂቲ6 ላይ መሪው ሲዞር ይከብዳል፣ የፊት እግር ይንጫጫል

ወዲያው አቁሙ። ከታች ያለው ትረኒየን (የፊት እግሩ ቋሚ ብረት በክር ገብቶ የሚዞርበት ዕቃ) የሚጠጣው የ90 የማርሽ ዘይት ነው፤ ግራሶ አይደለም። ግራሶ ክሩ ውስጥ ይደርቃል፣ ውሃ ይገባል፣ ቋሚው ብረት ይዝጋል፣ አንድ ቀን ጎማው ከሥሩ ይታጠፋል። ዘይቱን በፖምፓ፣ ከላይ እስኪወጣ ድረስ ግፉ። ጎማው በክሪክ ተነስቶ መሪው ከዳር እስከ ዳር በቀላሉ ካልዞረ ፍቱት፤ ቋሚው ብረት በክሩ መነሻ አካባቢ ዝገት ወይም ጭረት ካለው መልሳችሁ አትግጠሙት፣ ትረኒየኑንም ብረቱንም አንድ ላይ ቀይሩ።