የጦርነት ልቦለድ ላይ ገፀ ባሕርይህ ራሱን እንዲያውቅ እንዴት ታደርጋለህ?

መጀመሪያ ውሸቱን ፈልግለት። ስለ ራሱ የሚያወራውን ማለቴ ነው። «እኔ ፍርሃት አላውቅም» የሚል ጎረምሳ ከሆነ አሪፍ ነው፣ ሩቅ ይወስድሃል። ያንን ውሸት በፉከራ አስነግረው፤ ጎንደሬ አይደል!

ከዚያ ቦታና ጊዜ ስጠው። ለምሳሌ ኅዳር 1934 ዓ.ም.። ጎንደር የጣሊያን የመጨረሻ ምሽግ ነበረች፣ አርበኞችና የእንግሊዝ ጦር ከበዋታል። ልጁን ወደ ጎንደር በሚወስደው መተላለፊያ፣ ቁልቋል በር ላይ አሰልፈው።

አሁን ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት ጋ ደረስን። ራሱን የሚያውቀው ተኩሱ መሃል አይደለም፣ እዚያ ማን ስለ ራሱ ያስባል? ከተኩሱ በኋላ ጸጥ ሲል፣ የወደቀውን ጓደኛውን ኮዳ አንስቶ ውሃውን እስከ ጠብታው ከጠጣ በኋላ፣ እንባ አለመምጣቱ ራሱን ሲያስደነግጠው፣ ነገሩ ያኔ ይጀምራል። «ማንነቱን ተረዳ» ብለህ እንዳትጽፍ በናትህ። እጁ ምን እንዳደረገ ብቻ ጻፍ።

ደግሞ ሁሌ ጥይት አይደለም የሚፈትነው። በ1975 ዓ.ም. የታተመው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ላይ ጋዜጠኛው ፀጋዬ አስመራ የሄደው ደርግ ኤርትራ ውስጥ ላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ሥራ ነው፣ ልቡን ያናወጠችው ግን እዚያ ያፈቀራት ፊያሜታ ናት።

መጨረሻ ላይ ልጁን ወደ ቤቱ መልሰው። ሠርግ ይኑር፣ ማሲንቆ ይመታ፣ ሰዉ «በል ፎክር!» ይበለው። ያንኑ የመጀመሪያውን ግጥም ይጀምር። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ድምፁ ይጥፋ፣ ጠላውን አንስቶ ይጠጣ።