ሁለት ጫፍ ያለው ሥራ፦ ጦርነት ባለፈበት ደጋ አገር የእግረኛ ድልድይ ለማሠራት ለምታስቡ

ሐምሌ ሲገባ ወንዙ ይሞላል። ወንዙ ከሞላ ማዶ ያለው ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤት፣ ወፍጮ ቤት፣ ገበያ ሁሉ የለም ማለት ነው። ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ወንዝ ዳር የደረሱ ሰዎች ውሃው እስኪጎድል ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ደጋ ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። ስለዚህ ለትውልድ ቀያችን አንድ ነገር እንሥራ ብላችሁ የተሰባሰባችሁ ሰዎች፣ አዲስ አበባም ሁኑ ዋሽንግተን፣ ከሕንፃ በፊት ድልድይን አስቡት። መኪና የሚያሳልፈውን ማለቴ አይደለም። ሰው፣ በግና ፍየል የሚሻገሩበት፣ በብረት ገመድ የሚንጠለጠል ጠባብ ድልድይ ነው።

ጦርነት ባለፈበት አካባቢ ይህ ሥራ ሌላም ነገር አለው። ክሊኒክ የአንድ ቀበሌ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ድልድይ ግን ማዶኛው ካልተስማማ አይሠራም።

ከእኛው አገር ልጀምር። ሰባራ ድልድይ ጎጃምንና ጎንደርን በሞጣ በኩል የሚያገናኝ፣ ዓባይ ላይ የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው። በፋሲለደስ ዘመን እንደተሠራ ይነገራል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሃሉ ተሰበረ፣ ስሙም ከዚያ መጣ። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ክፍተቱን የሚሻገሩት በገመድ ነበር። ተሻጋሪው ገመዱን ደረቱ ላይ ይታሰራል። ወዲህና ወዲያ የቆሙ ጎልማሶች ይዘው ይጎትቱታል። እሱ መሃል ላይ ተንጠልጥሎ እግሩ አየር ይረግጣል፣ ከሥሩ ዓባይ ይጮኻል። የዚህን ፎቶ እ.ኤ.አ. በ2001 መጽሔት ላይ ያየው ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ ዝም ብሎ ገጹን አላለፈም፣ ሰው አስተባብሮ በ2002 የተሰበረውን መሃል በብረት አስጠገነ። ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የሚባለው ድልድይ ሠሪ ድርጅት የተወለደው ከዚሁ ነው። ግን በ2005 ጎርፍ መጣና ጥገናውን ይዞት ሄደ። በ2009 እዚያ አካባቢ የተሠራው ሌላ ዓይነት ነው፣ በብረት ገመድ የሚንጠለጠል።

ይህን ያነሳሁት ድልድይ በጥሩ ልብ ብቻ ስለማይቆም ነው። ልብማ ነበረ። ወንዙ ግን ልብ አያይም።

እንግዲህ ከየት ትጀምራላችሁ? ገንዘብ ከማሰባሰብ በፊት ከሁለቱም ዳር ሰዎች ጋር ቁጭ በሉ። አንዱ ዳር ዘመድ ስላላችሁ ብቻ በዚያ በኩል ጨርሳችሁ ማዶኛውን «ኑና ፈርሙ» እንዳትሉት። ገና ከመነሻው ይበላሻል። ስብሰባው ወንዙ ዳር ወይም ሁለቱም የሚገበያዩበት ቦታ ይሁን። ሽማግሌው፣ ቄሱ፣ ሼሁ ይኑሩ፣ ግን ሴቶቹን ለብቻ ጠይቋቸው። ወፍጮ ቤት የሚሄዱት፣ የታመመ ልጅ አዝለው የሚሻገሩት እነሱ ናቸው። መሻገሪያው የት ቢሆን እንደሚጠቅም ከማንም በላይ ያውቃሉ፣ በትልቁ ስብሰባ ላይ ግን ብዙ ጊዜ አይናገሩም።

በሁለቱ ወገን መካከል ደም ካለ፣ የተዘረፈ ከብት ካለ፣ የተቃጠለ ቤት ካለ፣ መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ የእርቁን ነገር ይያዙት። ድልድይ እርቅን አይተካም። ተኩሱ ባልቆመበት ቦታም አትጀምሩ። ገንዘቡ ይቆያል፣ የሞተ ሠራተኛ ግን አይመለስም።

ቀጥሎ አንድ ሰው ዶማ ከማንሳቱ በፊት መሬቱ መታየት አለበት። ምሽግ የነበረበት ኮረብታና የወንዝ መሻገሪያ ያልፈነዳ ጥይት፣ ቦምብና ፈንጂ የሚገኝባቸው ቦታዎች ናቸው። የአካባቢው እረኞች የቱ ጋ ምን እንዳዩ ይነግሯችኋል። ማንም አይንካው፣ ልጆችም እንዲርቁ ይነገራቸው። ለፖሊስና ለወረዳው አሳውቁና የሚመለከታቸው ባለሙያዎች እስኪያጸዱት ጠብቁ። «እኛ እናውቀዋለን» የሚል ጎበዝ አይጠፋም። አትስሙት።

ከዚያ የጎርፉን ከፍታ ፈልጉ። ይሄ የሥራው ልብ ነው። መሐንዲሱ መሣሪያ ይዞ ይመጣል፣ ግን ወንዙን በሕይወቱ አንድ ቀን ነው የሚያየው፣ ያውም በበጋ። ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ይዛችሁ ውረዱ። «ውሃው ከሁሉ የበለጠው መቼ ነው? የት ደረሰ?» በሏቸው። በምርኩዛቸው ድንጋዩን ይነካሉ፣ «እዚህ ጋ፣ የእንትናን በሬ የወሰደ ዓመት» ይላሉ። ማዶ ያለ ሌላ ሽማግሌም ለብቻቸው ያሳዩ። ሁለቱ ከተስማሙ ምልክቱን በቀለም አድርጉት። መሐንዲሱ ከዚያ በላይ ጥቂት ሜትሮች ክፍተት ይተዋል፣ ምክንያቱም ጎርፍ ባዶውን አይመጣም፣ ግንድ ይዞ ነው የሚመጣው። የሚንጠለጠል ድልድይ ዝቅ የሚለው ደግሞ መሃሉ ላይ ነው። ጫፎቹ ከፍ ስላሉ ብቻ አትረኩ፣ መሃሉ ከጎርፉ ምልክት ስንት ከፍ እንደሚል ጠይቁ። ገመዱ የሚታሰርበት መሬት ናዳ የሚነካው እንዳይሆንም አስመርምሩ።

የሕዝብ አሠራሩን ከኔፓል ብንማር ጥሩ ነው። ኔፓል እንደኛው ተራራ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2006 የእርስ በርስ ጦርነት ነበረበት፣ ዛሬ ከ10,000 በላይ የእግረኛ ድልድዮች አሉት። በሥራው ለረጅም ጊዜ የቆየው የስዊዘርላንዱ የልማት ድርጅት ሄልቬታስ በኢትዮጵያም እንዲህ ያሉ ድልድዮችን ሠርቷል። እኔ በጣም የምወደው የኔፓሎችን አንድ ልማድ ነው። ተጠቃሚዎቹ ኮሚቴ ይመርጣሉ፣ ሥራው ሲያልቅ ሕዝቡ ተሰብስቦ ሒሳቡ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ይህን ያህል ሲሚንቶ ተገዛ፣ ይህን ያህል ለአናጢ ተከፈለ፣ እገሌ ይህን ያህል ቀን ሠራ። የፈለገ ይጠይቃል። ጦርነት ባለፈበት አገር ሰው ከምንም በላይ የሚጠራጠረው ገንዘብን ነው። በአደባባይ የተነበበ ሒሳብ ግን ወሬ ያጠፋል። እኛም ጋ ገበያ ቀን ላይ ማንበብ ማንን ገደለ?

ወረቀቱን ቶሎ ልጨርሰው። ማህበራችሁ አገር ውስጥ እንዲሠራ ከፈለጋችሁ በአዋጅ 1113/2011 መሠረት በሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ይመዝገብ። ካልሆነ ከተመዘገበ ድርጅት ጋር ሥሩ። ዲዛይኑን ለወረዳው መንገድ ጽሕፈት ቤት አሳዩ። ገንዘብ በግለሰብ ሒሳብ አይገባም፣ ሰውየው የቱንም ያህል የታመነ ቢሆን። የባንክ ሒሳብ ተከፍቶ ከሁለቱም ዳር የተመረጡ ሰዎች አብረው ይፈርሙ። አንዱ ወገን ብቻውን ማውጣት አይችልም ማለት ነው።

ሥራው በበጋ ነው፣ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ። ድንጋይና አሸዋው በደቦ ይምጣ፣ ግን የባለሙያውንና የድሃውን ቀን ክፈሉ። በጦርነት በሬውን ያጣ ሰው «በነፃ ሥራ» ሲባል የሚበላው የለውም። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ ነው። መኪና ከሚቆምበት እስከ ወንዙ ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩ፣ የማጓጓዣው በጀት ከዚያ ነው የሚወጣው። ሲሚንቶው መሬት አይንካ፣ እንጨት ላይ ተደርድሮ ሸራ ይልበስ። ከሁሉ የሚያስቸግረው የብረት ገመዱ ነው። ተቆራርጦ አይጫንም። ተዘርግቶ ሰዎች በረድፍ ትከሻቸው ላይ ያደርጉትና እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ቁልቁለቱን ይወርዳል። አንዱ ቢወድቅ ሌላውን ስለሚስብ ፍጥነቱን የሚያዝ አንድ ድምፅ ብቻ ይኑር። ያን ቀን የሁለቱም ቀበሌ ሰዎች ተቀላቅለው ይሰለፉ፣ አንድ ከወዲህ አንድ ከወዲያ።

ከምረቃው በፊት ግን የጥገናውን ነገር ጨርሱ። ከወዲህም ከወዲያም አንድ አንድ ሰው ይሰየም፣ ሁለቱም ይሠልጥኑ። የሚያዩት ብዙ አይደለም። ገመዱን የያዙት ብሎኖች ላልተዋል ወይ? መርገጫው ተሰንጥቋል ወይ? የጎኑ ሽቦ ተበጥሷል ወይ? ግንቦት ላይ ዝናቡ ሳይጠና አንድ ጊዜ፣ መስከረም ላይ ውሃው ሲጎድል አንድ ጊዜ። ለብሎንና ለጣውላ የምትሆን ትንሽ ገንዘብ በጋራ ሒሳቡ ትቀመጥ። የብሎን መፍቻውም ሁለት ይገዛ፣ አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ማዶ ይቀመጥ።